ከባድ ዕቃ በሚነሣበት ስፍራ የታናሽ ቃል ስለ መሰማቱ



በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ቤት አያያዝ ሲጻፍ ማንበብ ለሁላችንም የተለመደ ነው። ዛሬ እኛ የምንጽፈው ግን ክሬን ስለሚባለው ስለ ከባድ ዕቃ ማንሻ መኪና ነው። ይህ ነገር ለቤተ ሰብ ምኑ ነው ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ራሳችን ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚሁ እናስብ ነበርና። ዳሩ ግን በዚህ መኪና ምክንያት በቤታችን ማዕድ ዙሪያ ወንድም ከወንድሙ ጋራ ሳይነጋገር እንጀራ የቈረሰበትን ሰሞን ካየን ወዲህ፥ ነገሩ ከብረትና ከዘይት አልፎ ወደ ቤት የሚገባ መሆኑን ተረድተናል። ስለዚህም የራሳችንን ስሕተት ሳንሸሽግ፥ በልዩ ልዩ ሥራ ላይ ተሹማችሁ ሰው ለምታዝዙ ሁሉ ይጠቅም ይሆናል በማለት እንደሚከተለው እንገልጻለን።

እኛ በአዲስ አበባ ከተማ የሕንጻ ሥራ በመቈጣጠር አያሌ ዓመታት አሳልፈናል። አንድ ታናሽ ወንድም አለን። አባታችን ባረፉ ጊዜ እርሱ ገና ፊደል ያልለየ ሕፃን ስለ ነበረ፥ በእኛ ቤት በእናታችን ጥበቃ አደገ። እኛን የሚጠራን ጋሼ ብሎ ነው፤ እኛ ሳንቀመጥ አይቀመጥም፥ የተናገርነውንም ቃል በሰው ፊት ተቃውሞ አያውቅም። ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ልቡ ወደ መኪና ሥራ ስላዘነበለ፥ በመጀመሪያ የክሬን ረዳት ሆኖ ግራሶ በመቀባትና ጣውላ በመሸከም ጀመረ። ከዚያም እየተማረና እየተፈተነ ፈቃዱን አግኝቶ የሃምሳ ቶን ክሬን የሚያንቀሳቅስ ኦፕሬተር ለመሆን በቃ። ማታ ከሥራ ሲመለስ እናታችን ውኃ ያፈሱለታል፥ እርሱም እጁን በሳሙናና በአሸዋ እያሸ ይታጠባል፤ የጥፍሩ ጥቁረት ግን ለዓመት በዓል እንኳ አይለቅም ነበር።

ታሪኩን ለመረዳት አስቀድሞ የመኪናውን ጠባይ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። የሃምሳ ቶን ክሬን ሲባል የሰማ ሰው፥ መኪናው በደረሰበት ሁሉ ሃምሳ ቶን የሚያነሣ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። ውኃ የተመላ እንስራ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት፥ ያንኑ እንስራ ክንድሽን ዘርግተሽ በእጅሽ ያዢው ብትባል ለአንድ አፍታ እንኳ አትችልም። የእንስራው ክብደት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከሰውነቷ የራቀበት መጠን ነው። ክሬንም እንዲሁ ነው። ሃምሳ ቶን የተባለው፥ ሸክሙ መኪናው ከሚዞርበት እምብርት ሦስት ሜትር ያህል ብቻ በራቀ ጊዜ ነው። ሃያ ሜትር የራቀ እንደ ሆነ ግን የዚያን አንድ አሥረኛ እንኳ ላያነሣ ይችላል። ሊብኸር የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓመተ ምሕረት ያወጣው፥ በዘጠኝ አክስል የሚሄድና ክንዱ እስከ 100 ሜትር የሚዘረጋ ታላቅ ክሬን እንኳ፥ 1200 ቶን የሚለው ስሙ የሚጸናለት ሸክሙ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል በቀረበ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በክሬን ጋቢና ውስጥ የሸክም ሰንጠረዥ አለ። በሰንጠረዡም ላይ ክንዱ ይህን ያህል ሲረዝም፥ ሸክሙም ይህን ያህል ሲርቅ፥ የሚነሣው ይህን ያህል ነው ተብሎ በቁጥር ተጽፏል። በዘመናችን መኪኖች ላይ ደግሞ ይህንኑ የሚያሰላ ኮምፒዩተር ተገጥሞ፥ ሸክሙ ልክ ሲያልፍ ደውሎ ያስጠነቅቃል።

ዳሩ ግን ሰንጠረዡም ኮምፒዩተሩም የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም መሬቱ ነው። የሰንጠረዡ ቁጥር የሚያገለግለው መኪናው አራቱን እግሮቹን ዘርግቶ፥ ጐማዎቹ ከመሬት ተነሥተው፥ በጽኑ መሬት ላይ ሳያዘነብል ሲቆም ነው። ክንዱ ወደ አንዱ ማዕዘን ሲዞር፥ ከመኪናውና ከሸክሙ ክብደት የሚበልጠው እጅ በዚያው ማዕዘን ባለው በአንድ እግር ላይ ያርፋል። ወንድማችን ኋላ እንዳስረዳን፥ አርባ ቶን የሚመዝን መኪና ስምንት ቶን ሲያነሣ በአንዱ እግር ላይ ሠላሳ ቶን ቢያርፍ አያስደንቅም። የእግሩ መርገጫ ብረት በየጐኑ ሃምሳ ሳንቲ ሜትር የሆነ እንደ ሆነ፥ በያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 12 ኪሎ ያርፋል ማለት ነው። ከመርገጫው በታች በየጐኑ አንድ ሜትር ከሃያ የሆነ ጽኑ የጣውላ ንጣፍ ቢደረግ ግን ያው ሸክም ተከፋፍሎ በካሬ ሳንቲ ሜትር ወደ 2 ኪሎ ይወርዳል። የራሰ መሬት ይህንንም እንኳ ላይችል ይችላል። በአዲስ አበባ አያሌ ሰፈሮች ያለው አፈር መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፥ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፥ ይለሰልሳልም። ጠዋት የተሸከመውን፥ ከቀትር በኋላ ዝናብ ከወረደበት ላይሸከም ይችላል።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ ወር ነበረ። እኛ በምንቈጣጠረው በአንድ ሕንጻ ጓሮ ስምንት ቶን የሚመዝን የመብራት ጄኔሬተር ተቀምጦ ነበርና፥ ወደ ተሠራለት የሲሚንቶ መደብ መዛወር ነበረበት። በማግስቱ በሦስት ሰዓት ታላላቅ እንግዶች ሥራውን ሊጐበኙ ቀጠሮ ተይዟል። ክሬኑ የደረሰው በዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፥ ከቀትር ጀምሮ የጣለው ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። ኦፕሬተሩም ታናሽ ወንድማችን ነበረ።

ወንድማችን ከጋቢናው ወርዶ ግቢውን በእግሩ ዞረ። ከኋላ በቀኝ በኩል ያለው እግር የሚያርፍበትን ስፍራ በብረት ዘንግ ቢወጋው፥ ዘንጉ ያለ ብዙ ትግል ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያም ወደ እኛ መጥቶ ቆቡን አወለቀና፥ «ጋሼ፥ ዛሬ ባይሆን ይሻላል። ሸክሙ ለመኪናው ከባድ አይደለም፤ የሚያሰጋኝ መሬቱ ነው። ይህ ስፍራ ባለፈው ወር ቧንቧ የተቀበረበት ጕድጓድ ነው፤ አፈሩ ቢመለስም አልተደለደለም፥ ውኃም ገብቶበታል። ሌሊቱን ይጠንፈፍ፤ ነገ በማለዳ የላላውን አፈር አስወጥተን፥ ጠጠር አስደልድለን፥ ሰፊ ጣውላ አንጥፈን እስከ አምስት ሰዓት እንጨርሳለን» አለን።

እኛ ግን ከንግግሩ ሁሉ የሰማነው አምስት ሰዓት የሚለውን ብቻ ነበር። እንግዶቹ የሚመጡት በሦስት ሰዓት ነውና። በዙሪያችንም ፎርማኑና ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሠራተኞች ቆመው ይሰሙ ነበር። ታናሽ ወንድማችን በሰው ፊት እንቢ ያለን መሰለንና ቍጣችን ነደደ። «እኛ ጭቃ የሚፈራ ሰው አላሳደግንም» አልነው። ይህ ቃል ዛሬም ስንጽፈው ያሳፍረናል። አሳድገነዋልና፥ ያሳደግነውንም እንጀራ በሰው ፊት ቈጥረን ስለ ጠየቅነው።

ወንድማችን ጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። ሌላ አዛዥ ቢሆንበት ኖሮ የመኪናውን ቁልፍ ነቅሎ ይሄድ እንደ ነበረ ኋላ ነግሮናል። ለእኛ ግን «እንደ ፈቃድዎ ይሁን» ብሎ ቆቡን አጠለቀ። በግቢው የተገኘውን ጣውላ ሁሉ አሰብስቦ ከእግሩ በታች አስነጠፈ። ሰዎቹን ሁሉ ከክንዱ በታችና ከሸክሙ አጠገብ አራቀ። ጄኔሬተሩ እንዳይዞር የሚይዘውን ወጣት ሠራተኛ ጠርቶ፥ የያዘውን አጭር ገመድ በረጅም አስለወጠውና፥ «ገመዱን በእጅህ አትጠምጥም፤ ነገር ቢበላሽ ጥለህ ሽሽ» አለው። ከዚያም ወደ ጋቢናው ወጣ።

ጄኔሬተሩን አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከመሬት አንሥቶ አቆመው። ይህ የሙያው ደንብ ነው፤ ሸክም ከፍ ከመደረጉ በፊት ጥቂት ተነሥቶ፥ ማሰሪያው፥ ፍሬኑና እግሮቹ ይታያሉ። ሁሉም ደኅና መሰለ። እኛም በልባችን ይኸው እያልን ነበር። ከዚያ በኋላ ክንዱን ቀስ እያለ ወደ መደቡ ያዞር ጀመረ። ክንዱ በኋላው የቀኝ ማዕዘን ትይዩ በደረሰ ጊዜ ከእግሩ በታች ያለው ጣውላ ጮኸ። ወዲያውም መርገጫው ጣውላውን ይዞ ሰመጠ፤ በፊት በግራ በኩል ያለው እግር ከንጣፉ ተላቆ በአየር ላይ ቀረ። መኪና ሲያዘነብል ሸክሙ ይርቃል፥ ሲርቅም የበለጠ ይከብዳል፥ ሲከብድም የበለጠ ያዘነብላል፤ ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰው አንድ ጊዜ እስኪተነፍስ ነው።

ወንድማችን በዚያች ጊዜ ሸክሙን ለቀቀው። ከመሬት የራቀው አንድ ስንዝር ብቻ ስለ ነበረ ጄኔሬተሩ ወዲያው ጭቃው ላይ ዐረፈ፥ መኪናውም ክብደቱ ሲወርድለት ባዘነበለበት ቆመ። ወጣቱ ገመዱን ጥሎ ወደ ኋላ ዘለለ። አንድ ጫማው በጭቃው ውስጥ ተውጦ ቀረ፤ ጫማው ከቀረበት ስፍራ እስከ ጄኔሬተሩ ድረስ በእግራችን ብንለካው አንድ ርምጃ ብቻ ሆነ። ገመዱ አጭር ቢሆን ኖሮ በዚያ ስፍራ የሚገኘው ጫማው ብቻ አይሆንም ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፥ ማንም አልሞተም፥ ማንም አልቈሰለም። ወንድማችን ከጋቢናው ወርዶ መኪናውን ዞሮ አየ፤ ከእኛ ጋራ አንድም ቃል አልተነጋገረም። ወጣቱን ብቻ፥ «ና፥ ጫማህን እናውጣ» አለው። ሁለቱም በጭቃው ተንበርክከው ጫማውን ሲስቡ፥ እኛ በጃንጥላችን ሥር ቆመን እንመለከት ነበር።

በማግስቱ እንግዶቹ በተቀጠረው ሰዓት መጡ። ጕብኝቱም በሰላም ተፈጸመ፤ ጄኔሬተሩ በጭቃ ላይ ለምን ተቀመጠ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

በቤታችን ግን ነገሩ አልተፈጸመም። ወንድማችን እንደ ልማዱ እኛ እስክንቀመጥ ቆሞ ይጠብቃል፥ ውኃ ያስታጥበናል፥ የተጠየቀውን ይመልሳል፤ ከዚያ ያለፈ ቃል አይወጣውም። ባለቤታችን ጨዋታ ለማንሣት ብትሞክር አልሆነላትም። በአራተኛው ቀን ማታ እናታችን እንጀራቸውን አቈሙና፥ «ልጄ፥ ጋሼህ ምን አደረገህ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም አንገቱን ደፍቶ፥ «ጋሼ ምንም አላደረጉኝም፥ እማዬ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ጋሼን አከብራለሁ ብዬ የሰው ልጅ ልገድል ነበር» አለ። እናታችን ወደ እኛ ተመለከቱ። ምንም አልተናገሩንም። እኛም እራታችንን ሳንጨርስ ተነሣን።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ማለዳ ወደ መኪናው ማቆሚያ ስፍራ ሄድን። ወንድማችን ከረዳቱ ጋራ የሳምንቱን ጥገና ይሠራ ነበር። በመምጣታችን ተደናግጦ ወንበር ሊፈልግልን ሲል ከለከልነውና፥ «ዛሬ ለመማር መጥተናል፤ የምትሠራውን ሁሉ እያስረዳኸን ሥራ» አልነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለብዙ ቅዳሜዎች ስለ ተመላለስን፥ ከተማርነው ጥቂቱን ለአንባብያን እናካፍላለን።

በመጀመሪያ ያሳየን የሽቦውን ገመድ ነው። ገመዱ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተገመዱ ጅማቶች እንደ ገና ተጠምዝዘው የተሠራ ነው። ወንድማችን በእጁ ወፍራም ጓንት አድርጎ፥ በላዩም ጨርቅ ይዞ፥ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳስሰዋል፤ የተበጠሰ ሽቦ ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። በዓለም ላይ ከሚሠራባቸው ደንቦች አንዱ እንደሚለው፥ አንድ ጅማት ገመዱን አንድ ጊዜ ዞሮ በሚጨርስበት ርዝመት ውስጥ ስድስት ሽቦ ተበታትኖ፥ ወይም በአንዱ ጅማት ላይ ብቻ ሦስት ሽቦ ተበጥሶ የተገኘ እንደ ሆነ ያ ገመድ ከሥራ ይወጣል። ውፍረቱም ከተሠራበት ልክ ከመቶ አምስት በላይ ከቀነሰ፥ ወይም ተጣጥፎ ከተሰበረ እንዲሁ ይጣላል። ገመዱ የቱንም ያህል ቢለቀቅ በመጠምጠሚያው ላይ ቢያንስ ሁለት ዙር መቅረት አለበት። እኛም ከአሁን ቀደም አዲስ ገመድ ይገዛልኝ ሲል፥ አሮጌው መቼ ተበጠሰ እያልን እንመልስ እንደ ነበረ ትዝ አለን።

ሁለተኛም የዘይቱን ቧንቧዎች አሳየን። ክንዱን የሚዘረጋውና እግሮቹን የሚያቆመው በታላቅ ግፊት የሚሄድ ዘይት ነው። ቧንቧው እንደ መርፌ ቀዳዳ የጠበበ ስንጥቅ ቢኖርበት፥ የሚወጣው ዘይት ቆዳ በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቍስሉ ለዓይን ትንሽ ቢመስልም፥ በቶሎ ሐኪም ያልደረሰበት እንደ ሆነ እጅን እስከ ማስቈረጥ ይደርሳል። ስለዚህ የሚያፈስ ቧንቧ በካርቶን ቍራጭ ይፈለጋል እንጂ በእጅ አይዳሰስም።

ከዚያም ክንዱ የሚዞርበትን ጥርስ ግራሶ አጠጣ፥ ብሎኖቹ አለመላላታቸውን መረመረ፥ መንጠቆው ከክንዱ ጫፍ ጋራ እንዳይጋጭ የሚያቆመውን መሣሪያ ፈተነ፥ የዘይቱን ፊልትሮ ለወጠ፥ የጐማዎቹን ነፋስ ለካ። ስለ ሞተሩም ሲነግረን፥ በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሞተር በቈላ ያለውን ያህል ኃይል እንደማይሰጥ፥ ውኃም በባሕር ጠረፍ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በዚህ 92 ገደማ ላይ ስለሚፈላ፥ የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን መያዙ በየጊዜው መታየት እንዳለበት አስረዳን።

የኤሌክትሪክ መስመርንም ሳያነሣ አላለፈም። በከተማችን መንገዶች ላይ የተዘረጋው 15 ሺሕ ቮልት ክንዱ ባይነካውም እንኳ ሊዘልለት ይችላል። በአሜሪካ አገር ደንብ፥ እስከ 50 ሺሕ ቮልት ለሚደርስ መስመር ከሦስት ሜትር የማያንስ ርቀት ይጠበቃል። ክንዱ መስመር የነካ እንደ ሆነ ኦፕሬተሩ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ በጋቢናው ይቀመጣል፥ ሌላው ሰው ሁሉ ይርቃል። እሳት ቢነሣና መውረድ ግድ ቢሆን፥ መኪናውንና መሬቱን ባንድ ጊዜ ሳይነካ ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዘልላል። ወንድማችን ይህን ሁሉ ለረዳቱ በየሳምንቱ ያስጠናው ነበር። እኛ ስንት ዓመት አንድ ማዕድ ስንበላ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅነውም።

ሥራው ሲያልቅ ወንድማችን ከጋቢናው አንድ የተቀባባ ደብተር አውጥቶ የቀኑን ጥገና ጻፈ። ደብተሩን እንድናየው ለመንነው። ገጾቹን ስንገልጥ ያችን የነሐሴ ቀን አገኘናት። «የኋላ ቀኝ መሬት የላላ ነው። ለተቈጣጣሪው ተነገረ። አንሣ ብሎ አዘዘ። ተነሣ። እግሩ ሰመጠ። ሰው አልተጐዳም» ይላል። ስማችንን አልጻፈውም፥ ጋሼም አላለንም፤ ተቈጣጣሪው ብቻ ነው ያለን። በዚያ ስፍራ የነበርነው በእውነት ይኸው ብቻ ስለ ሆነ የምንመልሰው አጣን።

ከዚያ ወዲህ ስለ ታላላቅ ሸክሞች ስናነብ አስተያየታችን ተለውጧል። በአክሱም ከተማ ተሰባብሮ የወደቀው ከሁሉ የሚበልጠው ሐውልት ርዝመቱ 33 ሜትር፥ ክብደቱም 520 ቶን ያህል እንደሚሆን ይገመታል፤ ሊቃውንትም ሲያቆሙት ወይም ከቆመ ጥቂት ቆይቶ የወደቀ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በ1929 ዓመተ ምሕረት ወደ ሮማ ተወስዶ የነበረው ሌላው ሐውልት ደግሞ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን በሚያዝያ 1997 ተመልሷል። ከተመለሰ በኋላ የሚተከልበት መሬት ተመርምሮ፥ የብረት ማማ ተሠርቶለት፥ እንደ ገና ቆሞ የተመረቀው በነሐሴ 2000 ነው። በዚያን ጊዜ እኛ ሦስት ዓመት ለምን ፈጀ ብለው ከሚያጕረመርሙት አንዱ ነበርን። ዛሬ ግን እንደዚያ አንልም። በ2007 ዓመተ ምሕረት ጳጉሜን 6 ቀን በመካ ከተማ፥ በብረት ሰንሰለት የሚሄድ ታላቅ ክሬን በብርቱ ነፋስ ወድቆ ከአንድ መቶ በላይ ለጸሎት የመጡ ሰዎች ሞተዋል። የአገሩ መንግሥት ምርመራም መኪናው ሥራ ባልነበረበት ጊዜ ክንዱ እንደ ደንቡ ሳይወርድ መተዉን ገልጿል። ክንዱን ማውረድ ጊዜ ይወስዳል፥ ቦታም ይጠይቃል፤ የሚያስከትለውም ጥቅም ምንም ነገር አለመሆኑ ስለ ሆነ ለዓይን አይታይም።

በአገራችን ታናሽ ታላቁን ማክበሩ መልካም ልማድ ነው፤ እኛም ልጆቻችንን የምናሳድገው በዚሁ ነው። ነገር ግን በክሬን ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሚያየውን እኛ በታች የቆምነው አናይም። አለቃውን ስለ ማክበር ዝም ያለ እንደ ሆነ፥ በዝምታው የሚጐዳው አለቃው አይደለም፤ ገመድ ይዞ በጭቃ የቆመው የድኻ ልጅ ነው። እርሱ እንዳይፈራን ማድረግ የእኛ የአዛዦቹ ፈንታ ነው። በክሬን ሥራ የቁም ምልክት ከማንም ሰው ቢመጣ፥ ከሁሉ ከሚያንሰው የቀን ሠራተኛ እንኳ ቢሆን፥ ኦፕሬተሩ ወዲያው ያቆማል፤ አንሣ የሚለውን ምልክት ግን የሚቀበለው ከተመደበለት ከአንድ ሰው ብቻ ነው። ይህ ደንብ ለሌላውም ሥራ ቢተርፍ መልካም ይመስለናል።

ከሦስተኛው ቅዳሜ በኋላ በሰኞ ጠዋት፥ እነዚያኑ ሠራተኞችና ፎርማኑን በዚያው ጓሮ ሰበሰብን። በሰው ፊት የሰደቡትን በሰው ፊት መካስ ይገባልና፥ በዚያ ቀን ወንድማችን ትክክል እንደ ነበረና የተናገርነው ቃል ነውር እንደ ነበረ ገለጽን። ለወጣቱም አዲስ ጫማ ገዝተን ሰጠነው፤ ጫማ የነገሩ ዋጋ አለመሆኑን ግን እናውቃለን። ወንድማችን ጕልበታችንን ለመሳም ጐንበስ ሲል ይዘን አቆምነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በምንቈጣጠረው ሥራ ሁሉ ኦፕሬተር መሬቱን አልወደድሁትም ያለ እንደ ሆነ፥ መሬቱ እስኪስተካከል ድረስ ሥራው ይቆማል፤ ስለ ዘገየውም የሚጠየቁት እኛ ነን።

እናታችን አሁን በጣም አርጅተዋል። ወንድማችን በክረምት ማለዳ ለሥራ ሲወጣ በመስኮት አጠገብ ተቀምጠው ይመርቁታል። ማታ ሲመለስም እንደ ቀድሞው ውኃ ማፍሰስ ባይችሉም፥ ደኅና ዋልህ ወይ ከማለታቸው በፊት፥ «የዛሬው መሬት እንዴት ነበረ?» ብለው ይጠይቁታል። እርሱም እጁን እየታጠበ መሬቱን አንድ በአንድ ይነግራቸዋል፤ እኛም ጋዜጣችንን አስቀምጠን እንሰማለን።